ደሴ አድሮ ሐረጎን መውረድ፦ ብርዱ መኪናን ምን ያደርገዋል?

ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ። በመሀላቸው ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭር ነው፤ ግን መኪና በዚህች አጭር መንገድ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይገጥመዋል። ሌሊቱን ደሴ ላይ አድሮ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ይግላል። ብዙ ሾፌር ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ብርዱን ሞተሩ እስኪነሳ ብቻ የሚቆይ ጣጣ ያደርገዋል፣ ቁልቁለቱን ደግሞ "የለመድኩት መንገድ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው እላለሁ። ማታ መኪናውን የት አቆማችሁት፣ ውስጡ እንዴት አደራችሁ፣ ጠዋት እንዴት አስነሳችሁት፣ ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ፤ ይሄ ሁሉ ሐረጎ ላይ ሂሳቡ ይመጣል።

የምጽፈው በተለይ መኪና ውስጥ ለሚያድር ሰው ነው። የጭነት ሾፌርና ረዳቱ አሉ፤ ለእነሱ ጋቢናው ቤታቸው ነው። ለገና ወደ ላሊበላ ሚኒባስ ይዞ የሚወጣ ቤተሰብም አለ፤ አልጋ ሲሞላ ወይም ሲወደድ ወንበሩን አስተኝቶ እዚያው ያድራል። ድንኳንና ምድጃ ጭነው ወደ ሰሜን የሚጓዙም እየበዙ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ያ ማለት መንገዱ በሰው የሚሞላበትና ብርዱ የሚጠናበት ጊዜ አንድ ላይ ይመጣሉ። "በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባላል፣ ኅዳርና ታኅሣሥም ከጥቅምት አይሻሉም። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን ያሞቀውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝ ደመና የለም፤ ፀሐይ ቁልቁል ስትል ደጋው ወዲያው ይበርዳል።

ከሰል

ከሁሉ በፊት ይሄን ልበል፤ ሌላውን ባታነቡት እንኳ ይሄን አንብቡ። ከሰል ይዛችሁ መኪና ውስጥ አትደሩ። ቀልቶ የጨረሰም ይሁን፣ አመድ የለበሰም ይሁን፣ "ጭሱ ወጥቶለታል" የተባለም ይሁን። ገዳዩ ጭሱ አይደለም። ከሰል አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን 200 ጊዜ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል። አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቅም። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ኦክስጅኑ ግን የሚጫንበት ቦታ አያገኝም።

ደሴ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማለትም ሰውነታችን ከመጀመሪያውም በትንሽ ኦክስጅን ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ ጋቢና ጠባብ ነው፣ መስታወቱ ለብርዱ ተብሎ ጥርቅም ተደርጓል፣ ሰውየው ደክሞታል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ የመሰለ መዛል ይመጣል። የሚያሳዝነው፣ ደክሞት የመጣ ሾፌር እነዚህን ሁሉ የድካም ምልክት አድርጎ ይወስዳቸዋል። ጓደኛችሁ እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት በሩን በርግዳችሁ አውጡትና ንጹህ አየር ላይ አድርጉት፣ ቢነቃም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

ሞተር አስነስቶ ማደርም ያው ነው። ማርሚታው (የጭስ መውጫው) የተበሳ ከሆነ፣ ወይም መኪናው ግድግዳ ተጠግቶ ከቆመ ጭሱ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። የጋዝ ምድጃ እንኳ ተዘግቶ ከተለኮሰ አያስተማምንም። ሻይ ማፍላት ከፈለጋችሁ ውጭ ላይ አፍሉ፤ ይበርዳል፣ አውቃለሁ።

ታዲያ በምን ይሞቃል? ሰው ራሱ ሙቀት አለው፤ ሥራው እሱን ሙቀት እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ላዩን ይደራርባል እንጂ ታቹን ይረሳል። ከወንበሩ ብረትና ከወለሉ የሚመጣው ቅዝቃዜ ግን ከላይ ከሚመጣው ይበልጣል፤ ስፖንጅ፣ ካርቶን፣ የታጠፈ ሸራ፣ ያገኛችሁትን ከስር አንጥፉ። ከላይ ባና ያለው ባና፣ ጋቢ ያለው ጋቢ። ፈላ ያለ ውሃ በደንብ የሚከደን እቃ ውስጥ ጨምሮ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ስር ማድረግ እስከ ንጋት ባይዘልቅም እንቅልፍ እስኪወስድ ይበቃል። መስታወቱን ግራና ቀኝ ጣት የምታህል ክፍት ተዉ። ትንፋሽ ውሃ ነው፤ መውጫ ካጣ መስታወቱ ላይ ይንቆረቆራል፣ ልብሱን ያርሳል፣ የረጠበ ልብስ ደግሞ አያሞቅም።

ማታ የሚሠራ ሥራ

ማቆሚያ ስትመርጡ ጠዋትን አስቡ። ደሴ ውስጥ ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው፤ የሸዋ በርም የፒያሳም ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ የብዙ ሾፌር ልማድ መኪናውን ቁልቁል አዙሮ ማቆም ነው፤ ጠዋት ባትሪ እምቢ ካለ ለቀቅ አድርጎ በማርሽ ለማስነሳት። መጥፎ ዘዴ አይደለም። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሞተር ሳይነሳ የፍሬንና የመሪ አጋዥ አይሠራም፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪው ይከብዳል። በዚያ ላይ አውቶማቲክ መኪና በግፊት አይነሳም። ስለዚህ ቁልቁሉ አጭርና ከፊቱ ሰው የሌለበት ካልሆነ ይቅርባችሁ። ሌሊቱን ደግሞ ጎማው ስር ታኮ ይግባለት፤ የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመን።

ባትሪ ብርድ አይወድም። ውስጡ ያለው ኬሚካል ሲቀዘቅዝ ሥራው ይዘገያል፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ሞተር የማዞር አቅሙ ከሩብ እስከ ሲሶ ሊቀንስ ይችላል። ችግሩ በዚያው ሰዓት ሞተሩ የሚጠይቀው ጉልበት መጨመሩ ነው፤ ዘይቱ ወፍሯል፣ ብረቱ ተኮማትሯል። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል፣ መሀል ላይ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ "ቀጭ" ብሎ ይቀራል። ለዚህ ነው ኮምቦልቻ ወር ሙሉ ያለ ችግር ሲነሳ የከረመ ባትሪ ደሴ አንድ ሌሊት አድሮ የሚሞተው። በአንድ ሌሊት አልተበላሸም። ድካሙ ድሮም ነበረ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ሸፍኖለት ነው።

መለኪያ ካላችሁ ሞተር ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ጠዋት አትጠብቁት። ሞተር እየሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መካከል ካላሳየ ጥፋቱ ያለው ባትሪው ላይ ሳይሆን ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላይ ነው፤ አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን እዩ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ ሙቅ ውሃ አፍስሱበትና በብሩሽ አጽዱት፣ አድርቁት፣ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። "ሞቷል" የተባለ ባትሪ በዚህ ብቻ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይታያል። ማታ ደግሞ ሬዲዮ፣ የጋቢና መብራት፣ የሦስት ሰው ስልክ ቻርጅ፤ ሁሉም ከዚያችው ባትሪ ነው የሚበላው።

ናፍጣውንም ማታ ነው ማሰብ። ታንከሩ ግማሽ ሆኖ ሲያድር ባዶው ቦታ በአየር ይሞላል፤ አየሩ ውስጥ እርጥበት አለ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጠብ ጠብ ብሎ ወደ ናፍጣው ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፣ ታች ደግሞ መሳቢያው አለ። ከተቻለ ሞልታችሁ እደሩ። በጣም በሚበርድ አገር ናፍጣ ሰም እየሠራ ፊልትሮ ይዘጋል፤ ደሴ ላይ ግን ከሰሙ ይልቅ የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ወደ ጉጉፍቱ አቅጣጫ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ የሚያድር ሰው ውርጩን ስለሚያውቀው ይበልጥ ይጠንቀቅ። በተለይ ራዲያተሩ ውስጥ ንጹህ ውሃ ብቻ ያለበት። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 ከመቶ ያህል ይሰፋል፣ ያንን መስፋት የሚችል የሞተር ብረት የለም። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ከውርጭም ከዝገትም ያድናል።

ጠዋት

ናፍጣ ሞተር እሳት የሚያገኘው ከካንዴላ ብልጭታ አይደለም። አየሩን እየጨመቀ ያግለዋል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ 500 ዲግሪ ሲደርስ ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል። ጠዋት ብረቱ ስለቀዘቀዘ ያንን ሙቀት ይሰርቀዋል፤ ባትሪው ደክሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ደግሞ ለመስረቅ ጊዜ ያገኛል። ደሴ ላይ አየሩ ራሱ የሳሳ ስለሆነ የሚጨመቀውም ያንሳል። ስለዚህ ማሞቂያ ያለው ሞተር ከሆነ ቁልፉን ግማሽ አዙራችሁ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ፣ በጣም ከበረደ ድገሙት፣ ከዚያ አስነሱ። ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙት፤ ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ አሳርፉት። እልህ ውስጥ ገብቶ ይዞ መቆየት ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ይጨርሳል።

አንዳንዱ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ ያደርጋል። አንዳንዱ ከሞተሩ ስር እሳት ያነዳል። የመጀመሪያው ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ይሰብራል፣ በተለይ ማሞቂያው ሲሠራ። ሁለተኛው ናፍጣና ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ስር እሳት መልቀቅ ነው፤ ምንም የምጨምርበት የለኝም።

ሲነሳ ነጭ ጭስ ቢያጨስ አትደንግጡ። በደንብ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ካልጠፋና ራዲያተሩ ውሃ እየቀነሰ ከሆነ ግን የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ውሃና ጭስ እንዳያልፍ የሚያሽገው፣ ይታይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል።

በሌላ መኪና ባትሪ ስታስነሱ ቅደም ተከተሉ ለጌጥ አይደለም። ፖዘቲቩን መጀመሪያ ከሞተው፣ ከዚያ ከደህናው፤ ኔጌቲቩን ከደህናው፣ የመጨረሻዋን ጫፍ ደግሞ ከሞተው ባትሪ ራስ ላይ ሳይሆን ራቅ ካለ የዚያው የሞተው መኪና የሞተር ብረት ላይ። የመጨረሻዋ ስትነካ ብልጭ ትላለች፣ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅን ይፈነዳል። ትልቁ የጭነት መኪና 24 ቮልት ነው፣ ሚኒባሱ 12። "ትልቅ ነው፣ ጉልበት አለው" ብላችሁ እንዳታገናኙ፤ የሚኒባሱ ኤሌክትሪክ በሙሉ ሊቃጠል ይችላል።

ከተነሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማሞቅ አያስፈልግም፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ናፍጣም ይበላል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ መንዳት። በንፋስ ፍሬን የሚሠራ መኪና ግን ሌላ ነው፤ መለኪያው በደንብ እስኪሞላ ከቦታችሁ ንቅንቅ እንዳትሉ። የንፋስ በርሜሉ ታች ያለችውን ማፍሰሻ በየቀኑ ሳቡ። ኮምፕረሰሩ ከአየሩ ጋር እርጥበት ይስባል፣ ሌሊት ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ስትስቧት ፉጨቱ ውስጥ ቡናማ ውሃ ሲረጭ ታያላችሁ። ያ ውሃ ቫልቭ ውስጥ ገብቶ ሲዝግ ወይም ውርጭ ሲያገኘው ፍሬኑ ሊዘገይ ወይም ሊያዝ ይችላል።

እግረ መንገዴን ስለ ቴርሞስታት ልናገር። "ሞተር ያሞቃል" እየተባለ ተነቅሎ ይጣላል። ለቆላ ሰው እንኳ ትክክል አይደለም፣ ለደሴ ሰው ግን ጭራሽ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል። ከሌለ ሞተሩ ግማሽ ቀን በርዶት ይሠራል፤ ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። ሞተር የሚያሞቀው ቴርሞስታት ካለ ያ ቴርሞስታት ተበላሽቷል፤ መቀየር ነው፣ ርካሽ ነው።

ቁልቁለቱ

አሁን ወደ ሐረጎ። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ያህል ሲወርድ በከፍታው ምክንያት ይዞት የነበረው ጉልበት በሙሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሂሳቡን ስሠራው ወደ 64 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ይሄ አንድ በርሜል ውሃ፣ ማለትም 200 ሊትር ገደማ፣ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። የተወሰነውን ንፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን የሚወስደው ወይ ሞተሩ ነው ወይ ፍሬኑ። ምርጫው የናንተ ነው፣ የምትመርጡትም በማርሽ ነው።

ሞተሩ እንዲይዝ ካደረጋችሁት ሙቀቱ በራዲያተርና በጭስ ይወጣል፤ ሞተር ሙቀት ለማስወጣት የተሠራ ነው። ማርሽ ዜሮ አድርጋችሁ ከለቀቃችሁት ግን ሁሉም የሚያርፈው የፍሬን ሸራና ሸራው የሚይዘው ታምቡር ላይ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ አሮጌ ከሆነ ሌላ መዘዝ አለው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ውሃ ሲገባበት ግን እስከ 140 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ያኔ ነው "ፍሬን እምቢ አለ" የሚባለው። ፍሬኑ ኮምቦልቻ ሲደርስና ሲቀዘቅዝ እንደገና ይሠራል፤ ለዚያ ነው አንዳንድ ሾፌር ሳይታመን የሚቀረው።

በዜሮ መልቀቅ ናፍጣ ይቆጥባል የሚባለው ስህተት ነው። በማርሽ ሆናችሁ እግራችሁን ከናፍጣው ስታነሱ ፖምፓው መርጨት ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው መኪናው ራሱ ነው። በዜሮ ስትለቁት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ማለትም በዜሮ የሚወርድ ሰው ናፍጣውንም ፍሬኑንም ነው የሚያባክነው። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ካለ ደግሞ ስለ እሱ የሚባል ነገር የለም፤ መሪም ፍሬንም አጋዥ የለውም።

አወራረዱ ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ መሀል ላይ ልቀንስ ብትሉ ላይገባላችሁ ይችላል፣ ዜሮ ላይ ተንሳፋችሁ ትቀራላችሁ። በስንት ማርሽ? ሽቅቡን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሾፌሮች አባባል ለአሮጌ መኪና ይሠራል፤ አዲስ መኪና ግን ከዚያም ዝቅ ያለ ማርሽ ሊፈልግ ይችላል። አይሱዙም ሆነ ሌላ የጭስ ፍሬን (የሞተሩን ጭስ አፍኖ መኪናውን የሚያዘገይ) ያለው መኪና ይክፈተው። ፔዳሉን ለብ አድርጎ እስከ ታች መያዝ ሳይሆን ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን ማውረድ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅና እንዲተነፍስ መተው። ጉም ካለ አጭሩን መብራት አብሩ፤ ረጅሙ ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይናችሁን ያሳውራል።

የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቁሙ። "አብሽር፣ ደርሰናል" አይሠራም እዚህ ጋ። ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡት፣ ታኮ አድርጉ፣ ታምቡሩ በራሱ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጡ። ውሃ እንዳታፈሱበት፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ዛሬ ባይታይ ነገ ይታያል።

መንገድ ዳር

መኪና ከቆመ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ተበላሸ የሚለው አይደለም፤ የት ነው የቆምኩት የሚለው ነው። ሐረጎ ላይ ኩርባው ብዙ ነው፣ ከኋላ የሚመጣው ተሳቢ ደግሞ በቶሎ መቆም አይችልም። ትንሽም ብትሆን መንቀሳቀስ ከቻለ ከኩርባው አውጡት። ካልቻለ ምልክቱን ከኩርባው በፊት አድርጉት፤ ከመኪናው አስር እርምጃ ላይ የተቀመጠ ሦስት ማዕዘን ኩርባ ላይ ጥቅም የለውም። ቁልቁል ላይ 100 ሜትር ቢርቅም አይበዛም።

ሦስት ማዕዘን የሌለው ሰው ቅጠልና ድንጋይ ያስቀምጣል። ቅጠሉ ጥሩ ነው፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ቢረገጥም አይጎዳም። ድንጋዩ ግን ያናድደኛል። መኪናው ተሠርቶ ይሄዳል፣ ድንጋዩ እዚያው ያድራል። ማታ ባጃጅ ይመጣበታል፣ ሞተር ሳይክል ይመጣበታል። ጎማ ስር ታኮ ያደረጋችሁትም ሆነ ለምልክት የደረደራችሁትን፣ ረዳቱ አንሱ ሳይባል ያንሳ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሐረጎ ላይ ወይም ወደ ሐይቅ መንገድ ላይ ናፍጣ መኪና ሳል ሳል እያለ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ያው በታንከሩ ውሃ ወይም በገባ አየር ነው፤ ይሄን ደግሞ ያለ ጋራዥ መሥራት ይቻላል። ፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ ፈታ አድርጉና ወደ ግልጽ የውሃ ጠርሙስ አፍስሱት። ጠርሙሱን ለፀሐይ ያዙት። ላይ ወርቅማ ናፍጣ፣ ታች እንደ ጠብታ የሚንከባለል ጥርት ያለ ወይም ደፍረስ ያለ ነገር ካያችሁ ውሃ ነው። ናፍጣ ብቻ እስኪመጣ አፍስሱና ዝጉ። ቀጥሎ አየሩን ማስወጣት ነው፦ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ብሎን ላላ አድርጉ፣ የእጅ ፖምፓውን ደጋግማችሁ ጫኑ። መጀመሪያ አረፋ ይመጣል፣ ተፍ ተፍ ይላል፣ ከዚያ አረፋው እየቀነሰ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ናፍጣው ሳይቆራረጥ እንደ ክር ይወርዳል። ያኔ እየጫናችሁ ብሎኑን አጥብቁ። የፈሰሰውን ናፍጣ አስፋልት ላይ አትተዉ፤ አፈር በትኑበት፣ ኩርባ ላይ ጎማ ያንሸራትታል።

ሽቅቡ፣ ማለትም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ጉዳዩ ሙቀት ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ካለቀ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውሃው ይፈላል፤ ሰው ቴስታታ ያስወርዳል፣ ጥፋቱ ግን ክዳኑ ላይ ነው። ከፈላ የጋለ ክዳን አትክፈቱ፣ ፊት ይልጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ በጨርቅ ይዛችሁ በቀስታ። ውሃውንም ሞተር እየሠራ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ከምንጭ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ መገልበጥ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ከመኪናው የማይለዩ እቃዎች ብዙ አይደሉም። ክሪክ፣ ታኮ፣ የተነፋ ስኮርታ ጎማ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አንድ ተጨማሪ ቺንጋ፣ አንድ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የባትሪ ገመድ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ። ስኮርታ ጎማው እንደተነፋ ማየት ይረሳል። የእጅ ጓንት የማይመስል ነገር ነው፤ ግን ማለዳ ደሴ ላይ ብሎን የፈታ ሰው ጣቱ ሲደነዝዝ ቁልፍ ከእጁ እንደሚያመልጥ ያውቃል።

ኮምቦልቻ ስትገቡ

አንድ ቦታ ቁሙና መኪናውን ዙሩት። እጃችሁን ጎማው ብረት አጠገብ አስጠጉ፣ አትንኩት። አራቱም እኩል የሞቁ ከሆነ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ያ ፍሬን አልለቀቀም ወይም ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታ እያለቀ ነው፤ ወደ ባቲ ከመቀጠላችሁ በፊት ጋራዥ ይየው። አንዱ ብቻ ቀዝቃዛ ከሆነም መልካም ዜና አይደለም፤ እሱ አልያዘም፣ የሱን ሥራ ሌሎቹ ሠርተውለታል።

ጎማውን በተመለከተ፣ የሚኒባስ ጎማ ንፋስ ሙቀቱ በተለወጠ በየ5 እና 6 ዲግሪው አንድ ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት) ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ደሴ ማለዳ ላይ ለክታችሁ "ጎደለ" ያላችሁት ኮምቦልቻ ሲደርስ ሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ ባቲና ሚሌ ላይ ደግሞ ከልኩ ያለፈ ይመስላል። የጋለ ጎማ ንፋስ አታስቀንሱ። ትክክለኛው ልክ መኪናው ላይ የተጻፈው ነው፣ የሚለካውም ጎማው ቀዝቅዞ ነው፤ ያደረ መኪና፣ ከመነሳቱ በፊት። ቆላ ላይ ቀንሳችሁ ማታ ደጋ ከተመለሳችሁ፣ ጠዋት ደሴ ላይ የምታገኙት የተኛ ጎማ ነው፤ የተኛ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ጭነት ሲኖርበት የሚፈነዳውም እሱ ነው።